እንሶስላ የተቀባ ተረከዝ

መጀመሪያ ያየሁት ቀኝ ተረከዜ ሥር ያለች ጥቁር ነጥብ ነው። ቃሊቲ ጋራዥ ከከባድ መኪና ሥር ተጋድሜ ያረጀሁ ሰው ነኝና ግራሶ መስላኝ በሳሙና ፈተግኳት። አልለቀቀችም። ጭራሽ እየሰፋች፣ ዳርና ዳሯ እየተዛነፈ ሄደ። ክረምት ሲገባ ባለቤቴ እታገኝ የራሷን እግር እንሶስላ ስትቀባ፣ የእኔንም የተሰነጣጠቀ ተረከዝ አብራ ቀባችልኝ። ነጥቧ ቀለሙ ውስጥ ጠፋች። እኔም ድኛለሁ አልኩ። መካኒክ ማለት እኔ ነኝ፤ ሞተሩ ሲያንኳኳ ሬዲዮ ከፍ የማደርግ!

ከዚያ መድማት ጀመረች። ካልሲዬ ላይ ደም ያየችው ልጄ ገነት እየጎተተች ቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ዴርማቶስኮፕ የሚባል ማጉያ ስልኳ ላይ ገጥማ ተረከዜን ፎቶ አነሳችው። ፎቶውን በብዙ የቆዳ ምስሎች የሠለጠነ የኮምፒውተር ፕሮግራም መረመረና አደገኛ አይመስልም አለ። ካልሲዬን አነሳሁ።

«ይቆዩ አባባ፣ ተረከዝዎን ምን ተቀብተው ነው?» አለችኝ ሐኪሟ።

«እንሶስላ።»

«እርስዎ?»

«ሙሽራ ነኛ!»

አልሳቀችም። «ፕሮግራሙ በአብዛኛው የተማረው በነጮች ቆዳ ነው» አለችኝ። «እንሶስላ የተቀባ ተረከዝ ያሳየው ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን ከእናቴ እግር አውቀዋለሁ። እንዲህ አይደማም። ናሙና እንወስዳለን።»

ባዮፕሲ ተሠራ። ውጤቱ መጣ። ሜላኖማ። የቆዳ ካንሰር።

ገነት አለቀሰች። እኔ ቀልድ ፈለግኩ። አጣሁ።

«እግሬ ይቆረጣል?» አልኳት ሐኪሟን።

«ብዙ ወደ ውስጥ አልገባም። እግርዎን እናተርፋለን ብዬ አስባለሁ።»

የተረከዜን የታመመ ክፍል ቆርጠው አወጡት። ከጭኔ ቆዳ ወስደው፣ ጎማ እንደሚለጠፍ፣ ለጠፉበት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ድካም ማንም አልነገረኝም ነበር፤ በር ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን ሲኖትራክ መቁጠር፣ በክራንች ሽንት ቤት ደርሶ መመለስን እንደ ሥራ ማየት፣ እታገኝ ቁስሉን ስታሽግ «ሙሽራዬ፣ ዝም ብለህ ተኛ» እያለች ስትሰድበኝ መዋል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሽታው ተመልሶ ይሆን እያሉ ለምርመራ መመላለስ ሰውን ያዝላል።

እናንተም የእግራችሁን መዳፍ ግለጡና እዩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ፎቶ ከመነሳታችሁ በፊት የተቀባችሁትን ሁሉ፣ ቅባትም ይሁን ቅጠል፣ ሳታፍሩ ተናገሩ። ማሽኑን አልቀየምኩትም፤ ያሳየሁትን ነው ያየው። ግን የማሽኑን ቃል ሰምቶ ካልሲ ከማጥለቅ በፊት ሐኪም ይያችሁ። ለእኔዋ ሐኪም ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ለእናቷም ጭምር።

እውነቱን ለመናገር ደክሞኛል። ግን የደከመኝ በሁለት እግሬ ቆሜ ነው።