መንግሥት ነው የደወለው

ለተኪሮስ ፈሪ ናት፤ ራሷም አትክደውም። በወታደሩ መንግሥት ዘመን አሥመራ በአማርኛ ስትማር የገባባት ፍርሃት እስከ ስደት ከተማዋ ብሩክሊን ፓርክ ድረስ አብሯት መጥቷል። የሚገርመው እንጀራዋ ሰው መጠየቅ መሆኑ ነው! ከምርጫ በፊት የሕዝብ አስተያየት በሚሰበስብ ቢሮ ስድስት ዓመት ሙሉ «ምርጫው ዛሬ ቢሆን ማንን ይመርጣሉ?» እያለች በአማርኛ ስትደውል ኖራለች። ከተጻፈላት ላይ አንዲት ቃል መጨመር ክልክል ነው፤ ሱፐርቫይዘሩ መስመሩ ላይ ሆኖ ያዳምጣል። አንዷ ለተጠያቂ «አይዞዎት» ስላለች ተባራለች።

በፈረንጆቹ 2018 ለከተማው ምክር ቤት የምትወዳደረው ነርሷ ፋዮ ቢሮውን ቀጠረች። ለተኪሮስ ደስ አላት፤ ልቧ ከፋዮ ጋር ነበር። ስልኮቹ ግን አስደነገጧት። ሰው ሁሉ ወንበሩ ላይ ያለውን ሰውዬ እመርጣለሁ ይላል! ከኋላ «ዝጋው! ዝጋው!» የምትል ሚስት ትሰማለች።

አንድ ቀን ስልኩን ያነሱትን ሽማግሌ በሳላቸው አወቀቻቸው፤ የላይኛው ፎቅ ጎረቤቷ ኦቦ ጎንፋ ናቸው። እሳቸው ግን በዚያ የቢሮ አማርኛዋ አላወቋትም።

«እኔ ከመንግሥት ጋር ነኝ» አሉ ፈጠን ብለው። «አሁን ያለውን ሰውዬ ብለው ይጻፉልኝ እመቤቴ። በደንብ ይጻፉልኝ።»

«ኧረ እኔ ነኝ፣ የምን መንግሥት!» ልትል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ሱፐርቫይዘሩ ትዝ አላትና ዋጠችው። የተባለችውን ሞላች።

አርብ ዕለት አለቃዋ «መልሶቹ ላይ ያየሽው ችግር አለ?» አላት። ሰዉ ፈርቶ ነው የሚዋሸው በይ እንጂ፣ አንቺ ሴትዮ!

«ምንም ችግር የለም» አለች።

ቁጥሩን ያዩት የፋዮ ሰዎች «ይሄ ሰፈር የእኛ አይደለም» ብለው ቤት ለቤት የሚቀሰቅሱትን ልጆች ወደ ሌላ አዞሩ። ፋዮ በሠላሳ አንድ ድምፅ ተሸነፈች።

በማግስቱ ለተኪሮስ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ከኦቦ ጎንፋ ጋር ተገናኘች። ፊታቸው ጠቁሯል።

«ልጅቷ ተሸነፈች አሉ። እኔን! እንዴት እንደምወዳት!»

«ታዲያ አልመረጧትም?»

በሩን አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንዴት አድርጌ? መንግሥት ደውሎ ጠይቆኝ ለሰውዬው ነኝ ብያለሁ። ሴትዮዋ ጽፋዋለች። በኋላ ቢያመሳክሩትስ? ለሰውዬው ሰጠሁ። አንድ ሰው እንኳ በሬ ድረስ መጥቶ አይዞህ ቢለኝ ኖሮ…»

ለተኪሮስ «የደወልኩት እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች። ፈራች።

«ደግ አደረጉ፣ ኦቦ» አለቻቸውና ያልደረቀ ልብሷን ታቅፋ ወጣች።