ስሙን ያልተናገርኩት ሰው

ከሐይቅ ከተማ የወጣሁት ማታ፣ መግሪብ እንደተሰገደ ነው። አባቴ ዱዓ አደረገልኝ፤ ወንድሜ ሰይድ በባጃጁ አስፋልት ድረስ ሸኝቶ የወልዲያ ሚኒባስ ላይ አሳፈረኝ። ብዙዎቻችሁ የአገሬ ልጆች ሥራ ፍለጋ የሄድኩ መስሏችኋል። እንዲመስላችሁ የፈለግነው እኛው ነን። አሁን ግን እዚህ ጀርመን አገር ለምን እንደወጣህ ካላስረዳህ ትመለሳለህ ተብያለሁ፤ ለናንተም የምችለውን ያህል ላውጋችሁ።

እኔና ሰይድ በየግላችን አንድ አንድ ባጃጅ ነበረን። መናኸሪያው አካባቢ የሚውሉ ዱርዬዎች ከየሹፌሩ ድርሻ ይቀበሉ ነበር፤ እኔ አልሰጥም አልኩ። ባጃጄን አቃጠሉት፣ ክንዴን በጩቤ ተረተሩት። አለቃቸውን ከሰስኩ። ታሰሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ወጡ። ሲወጡ ደግሞ ብሰው መጡ።

ከዚያ ነገሩ አባጋሮች ዘንድ ደረሰ። አባጋር ምን እንደሆነ ለወሎ ሰው አልነግርም፤ ለሌላ አገር ሰው ግን ልበል፣ ደም የተቃቡትን ሳይቀር የሚያስታርቁ ሽማግሌዎቻችን ናቸው። የዱርዬዎቹ አለቃ ዘመዶች ከአምባሰል ወርደው መጡ። ዋርካ ሥር ተቀመጥን፤ ሼኁም ቄሱም ነበሩ። አለቃው ቤታችንን ላይነካ፣ ሌላውም እንዳይነካ ሊጠብቅ፣ እኛ ደግሞ ስሙን ዳግም ዳኛ ፊት ላናነሳ ማልን። ቃሉን ያፈረሰ ወገን እርግማኑም ጠቡም ይመለስበታል ተባለ።

እውነቱን ለመናገር ሰውየው እስካሁን ቃሉን ጠብቋል። ሰይድን ማንም ዝንቡን እሽ አላለውም። ከደሴ እየመጡ አብረውት የሚውሉት ግን አልማሉም፤ በኔ ክስ ፖሊስ ከአለቃው ጋር ለቅሞ ያሰራቸውም እነሱ ናቸው። አንዱ፣ ስሙን እንኳ የማላውቀው፣ ጩቤውን አንገቴ ላይ አስጠግቶ “እኔ ዋርካ ሥር አልተቀመጥኩም” አለኝ። አለቃው ሰይድን መጠበቅ ይችላል፣ እኔን ግን አልቻለም። ስለዚህ ወጣሁ።

ስለ ሱዳንና ስለ ሊቢያ አላወራም፤ ደክሞኛል። ስለ ባሕሩ ግን አንድ ነገር ልበል። እኛ ሐይቅ ዳር ያደግን ሰዎች ውኃ ስንል ማዶው የሚታይ ነገር ነው፤ ታንኳ ላይ ሆነህ ማዶ ያለውን ሰው ትጣራለህ። ያ ባሕር ማዶ የለውም። ከሁሉ ያስፈራኝ እሱ ነው።

ስደተኛ የሚቀመጥበትን ቤት እዚህ ሃይም ይሉታል። ዓሣ ሲያቀርቡልን አራት ማዕዘን ነው፤ እሾህም ዓይንም የለውም፤ ዓሣ መሆኑን ያወቅሁት ሰው ነግሮኝ ነው። የቤቱ ኃላፊ፣ ሃውስማይስተር የሚባለው፣ ከአንድ የወሎ ልጅ ጋር ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ሰላምታችን በመርዘሙ ተቆጥቶ ምን እየዶለትን እንደሆነ ጠየቀን። ይህን ልጅ ስለ እናቱ ጤና እየጠየቅሁት ነው አልኩት። እዚህ ነው የሚኖሩት? አለኝ። አይ፣ ኮምቦልቻ ናቸው ስለው በሩን ዘግቶ ገባ።

ጥያቄ የሚጠየቁበት ቀን አንሆሩንግ ይባላል። አንድ መኮንንና አንድ የአዲስ አበባ ልጅ አስተርጓሚ ተቀምጠዋል። እርስዎ እያሉ ያናግሩኛል፤ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተከብሬ አላውቅም።

“የመቱዎት በሃይማኖትዎ ምክንያት ነው?” አለኝ መኮንኑ።

“አይደለም። የያዘኝ ክርስቲያን ነው፣ የወጋኝ ሙስሊም ነው” አልኩት። “ወሎ ነው፤ ዱርዬውም ተቻችሎ ነው የሚኖረው።”

አስተርጓሚው ሳቀ፤ መኮንኑ አልሳቀም። በፖለቲካስ? አለኝ። በባጃጅ ነው አልኩት። ሽማግሌ ገብቶ እንደነበር ጠየቀኝ፤ እኔም እንደ አገሬ ሰው ደረቴን ነፍቼ “እንዴታ፣ ታርቀናል” አልኩ። የታረቀ ሰው እዚህ ምን ያደርጋል? አለ። ያልማሉም እንዳሉ ነገርኩት፤ እነሱን ስማቸውን አላውቅም አልኩ። የአለቃቸውን ስም ጠየቀኝ።

“አውቀዋለሁ፤ አልናገርም” አልኩ።

ያን ጊዜ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የሚፈራውን ሰው ስም የማይናገር ሰው ገጥሞት አያውቅም መሰለኝ። ስሙን ብናገር መሐላው ፈርሶ መናኸሪያ የሚውለው ወንድሜ ጠባቂ እንደሚያጣ ለማስረዳት ሞከርኩ። እዚህ የተነገረ ነገር ሐይቅ አይደርስም አለኝ። መሐላው የደረሰና ያልደረሰ ብሎ አይለይም። ደግሞስ ከኛ አገር ወሬ የማይደርስበት የት ነው?

ጥያቄዬ ውድቅ ተደረገ። ጠበቃዬ ደግ ሴት ናት፤ ይግባኝ አለችልኝ። ነገ ዳኛ ፊት እቀርባለሁ። ሁለት ነገር አስረግጣ ነገረችኝ። ዱርዬ ፈርቶ ለመጣ ሰው ሕጉ ጠባብ ነው፤ ለዚህ ዳኛ ደግሞ ስም የሌለው ፍርሃት ፈጠራ ነው። ስሙን ከነሰፈሩ ከሰጠሁ ትንሽ ተስፋ አለኝ። ዝም ካልኩ ግን ወደ አገር ቤት እመለሳለሁ፤ አገር ቤት ደግሞ ያ ጩቤ አለ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቤት ደወልኩ። ሰይድ ነው ያነሳው።

“አየኸው ወይ?” አልኩት። አለቃውን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል።

“ጧት መናኸሪያ አገኘሁት። ወንድምህ ደህና ነው ወይ አለኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው አልኩት። ሰላም በልልኝ ብሏል።”

የነገውን ነገርኩት። እሱ ግን ሚስቱ ልትወልድ መቃረቧን አነሳልኝ። ያን ያለው ስሙን አትናገር ለማለት ይሁን ወይስ እንዲያው ደስ ብሎት አላወቅሁም፤ ልጠይቀውም አልደፈርኩ። ስልኩን ለአባቴ ሰጠው።

“አባዬ፣ ልናገር ወይስ ዝም ልበል?” አልኩት። “አባጋሮቹን ጠይቅልኝ። አንተ ተናገር ካልከኝ እናገራለሁ።”

“እኔን አታስፈርደኝ ልጄ” አለኝ። “አንተም ልጄ ነህ፣ እሱም ልጄ ነው።”

ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋንም። አገሩ ይበርዳል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይበርዳል አልኩት። ነገ ስትወጣ ደርበህ ልበስ አለኝ።