የጋሽ ሰይድ ሳል

ይህ ነገር ያስከፈለኝ መካነ ሰላም ገበያ ውስጥ አለ የተባለውን ቦታዬን ነው። መግቢያው ላይ፣ ከገጠር የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ማዕዘን ነበር። የሆነው ኮሮና በገባ ሰሞን ነው። ከልቤ ያልወጣው፣ አብሮ የኖረን ሰው እንዳላዩ ማለፍ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ያየሁት ያኔ ስለሆነ ነው።

እኔ በርበሬ ነጋዴ ነኝ። ከእኔ ቀጥሎ እህል ሻጮች ነበሩ፤ ከእነሱ ቀጥሎ ጨው የሚሸጡት ጋሽ ሰይድ። ጋሽ ሰይድ ከወጣትነታቸው ጀምሮ አስም አለባቸው። ይህን የማያውቅ የገበያው ሰው የለም። ድሮ ሳል ሲነሳባቸው አንዷ ውሃ ታቀብላለች፣ አንዱ ጨዋቸውን ይሸጥላቸዋል፣ የቀረው «አብሽሩ፣ ይማርዎ» ይላል።

ኮሮና ሲመጣ «ይማርዎ» ቀረ። ሲያስሉ ሴቷ በነጠላዋ አፏን ይዛ ትሸሻለች፤ ገዢው የተሰፈረለትን ጨው ጥሎ ይሄዳል። ሸማ ሻጩ ደምሴ ደግሞ ማስኩን አገጩ ላይ አንጠልጥሎ ይውልና ጋሽ ሰይድ ሲያስሉ ብቻ ወደ አፍንጫው ይስባታል። በሽታው ከሌላ ሰው የሚመጣ አይመስለውም።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ደምሴ ነጋዴውን አስተባብሮ መጣ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይቅርታ ያድርጉልንና ይሄ ነገር እስኪያልፍ ቤትዎ ይቀመጡ።»

«ቤቴ ማን መጥቶ ጨው ይገዛኛል ልጄ?» አሉ። ከዚያች ጨው በቀር መተዳደሪያ የላቸውም።

እኔ ሳየው ሳሉ የባሰባቸው ከበርበሬዬ ነው። «ተራራቁ» ሲባል መሀላችን የነበሩት እህል ሻጮች ጆንያቸውን ይዘው ሜዳው ላይ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ነፋሱን የሚከልል የለም፤ በሰፈርኩ ቁጥር ብናኙ ቀጥ ብሎ እሳቸው ላይ ነው።

«ደምሴ፣ የሚነሳ ካለማ እኔ ልነሳ» አልኩት። «ዛሬ ከአህያ ማሰሪያው ኋላ ልሽጥ። ጋሽ ሰይድ እስከ ማታ እንዲሁ ካሳሉ ያልከው ይሁን።»

«ደንበኛህስ?»

«ደንበኛዬ አፍንጫ አለው፤ አሽትቶ ይመጣል።»

አልመጣም። ባዶውን ቦታ ያየ ሁሉ ኮሮና ወስዶታል ብሎ ደመደመ። አንዲት የቆየች ደንበኛዬ እያዘነች ከሌላ ገዝታ በአጠገቤ ስታልፍ አየችኝና ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

ከአህዮቹ ጋር ተፋጥጬ እንደተቀመጥኩ ከወዲያ ማዶ ድምፅ ሰማሁ።

«የበርበሬው ሰውዬ አልሞተም! ወላሂ አለ! ከአህዮቹ ኋላ ሂዱ!»

ጋሽ ሰይድ ናቸው። ቆመው፣ ትንፋሽ ሳያጥራቸው፣ ለገበያው ሁሉ እየጮሁ ሰው ይልኩልኛል። እስከ ማታ ድምፃቸው ጎረነነ እንጂ ሳሉ አልተነሳባቸውም።

ገበያው ሲበተን ደምሴ መጣ። «ኧረ ጋሽ ሰይድ፣ በአላህ ይብቃዎት! አደነቆሩን እኮ!»

«ታዲያ ቤቴ ልሂድልህ?»

ደምሴ ዞር ብሎ ሄደና ውሃ በጣሳ ይዞላቸው ተመለሰ። ማስኩ አሁንም አገጩ ላይ ናት።

አልተቀየምኩትም፤ ፈርቶ ነው። እኔም ያን ቀን ሳስብ ሳቄ ይመጣል፤ የዚያን ያህል የጮኸልኝ ሰው ከዚያ በፊትም በኋላም የለም።

ወደ ማዕዘኑ አልተመለስኩም፤ ሽንኩርት ነጋዴ ይዞታል። ከአህያ ማሰሪያው ኋላ ሽያጬ ከድሮው ያነሰ ነው። ጋሽ ሰይድ ቦታቸው ላይ ናቸው።