ለአራስ የማይነገር

ወሬው ሲነገር ጓሮው ውስጥ አምስት ነበርን። አባታችን አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። ወታደሩ ክራንቹን ብብቱ ሥር አድርጎ ከባሕር ዛፉ አጠገብ ቆሟል፤ ቆስሎ ወደ ቤተሰቦቹ ወደ እብናት ሲሄድ ነው በእኛ በኩል ያለፈው። ጎረቤታችን ባልቴቷ የጓሮውን በር ይዘው ነበር። እኔ የሕፃኗን ጨርቅ ከማጥብበት ሳፋ ተነሥቼ፣ እጄ እንደራሰ ቆሜአለሁ። የእህቴ ትልቋ ልጅ፣ የአራት ዓመቷ፣ ከሳፋው ማዶ ቁጢጥ ብላ በሳሙናው አረፋ ትጫወት ነበር። እሷን ማናችንም ከሰው አልቆጠርናትም።

ወታደሩ የተናገረው አጭር ነው። የእህቴ ባል ሰሜን ግንባር ላይ ወድቋል፤ ሲወድቅ እሱ አጠገቡ ነበር። ከመንግሥት ደብዳቤ እንዳንጠብቅም ነገረን።

እህቴ ከግድግዳው ወዲያ አልጋዋ ላይ ነበረች። ከወለደች አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነው።

በአገራችን ለአራስ ሞት አይነገርም። ክርስትና እስኪነሣ ይጠበቃል፤ ሴት ልጅ ደግሞ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ለእኛ ግን ነገሩ የወግ ብቻ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት እህቴ የእናታችንን ሞት ድንገት ሰምታ ወተቷ ደርቆ፣ የሦስት ወር ልጇን ቀብረናል። በዚያ ዘመን ደግሞ ደብረ ታቦር ውስጥ የዱቄት ወተት ከየት ይገኛል። ስለዚህ አባታችን እዚያው ጓሮ ውስጥ አስማሉን። ስልሳ ስምንት ቀን ነበር የቀረን።

እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ሥራ አጥቼ እህቴ ቤት ነበርኩ። ጥቁር አልለበስንም። ማልቀስ ያማራት ወንዝ እየወረደች አለቀሰች። አራስ ልትጠይቅ የምትመጣውን ሁሉ ባልቴቷ ደጅ ላይ ጠብቀው ይነግሯታል፤ ሴትዮዋም ፊቷን አባብሳ ትገባለች።

በሦስተኛው ቀን ልጅቱ እናቷ አልጋ ላይ ወጥታ ፀጉሯን ትደባብስ ጀመር።

«አይዞሽ እማዬ፤ አታልቅሺ» አለቻት።

እህቴ ሳቀች። «ምን ሆኜ ነው የማለቅሰው? አንቺ ሞኝ!»

ልጅቱን ብድግ አድርጌ ወደ ጓሮ ወሰድኳት። እማዬ ለምን እንደማታለቅስ ጠየቀችኝ። ስለማታውቅ ነው አልኳት።

«እኔ አውቃለሁ እኮ» አለች።

«አንቺ ሰምተሻል። እሷ አልሰማችም።»

«አባዬ ሞቷል። ወታደሩ ነው ያለው» ብላ አስረዳችኝ፤ የማላውቀው እኔ የሆንኩ ያህል ቀስ ብላ። ምን ብዬ ብነግራት አልገባትም። እሷ ያወቀችውን ሁሉ ዓለም እንዳወቀው አድርጋ ነበር የምታስበው። ለመዋሸት እንኳ ገና አልደረሰችም። ከአሁን አሁን አፏ አመለጣት እያልኩ፣ እናቷ ዘንድ በገባች ቁጥር ተከትያት እገባ ነበር። አባታችን ወደ ገጠር እንስደዳት አሉ። እህቴ ግን ልጄን ከዓይኔ አታርቁብኝ አለች።

ያደረግሁትን ያደረግሁት በዚህ ጭንቀት ነው። አባታችን ከዘራቸውን ሁልጊዜ ከበሩ ጥግ ነበር የሚያቆሙት። አንድ ቀን ውጭ ሳሉ ልጅቱ እያየች ከመደቡ ሥር ሸጎጥኩት። አባባ ሲመጡ የት ይፈልጉታል ብዬ ጠየቅኳት። ወደ መደቡ ጠቆመች። አባታችን ገብተው ጥጉን በእጃቸው ሲዳብሱ አፏን ከፍታ አየቻቸው።

«አባባ፣ እዚያ የለም! እዚህ ነው ያለው!»

በማግስቱ ደገምኩት፤ በሦስተኛውም ቀን። ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ በየቀኑ ጥጉን ይዳብሳሉ፤ «ይቺ ቤት ሰይጣን ገብቶባታል» እያሉ ያጉረመርማሉ። ከሳምንት በኋላ፣ የት ይፈልጉታል ስላት ወደ በሩ ጥግ ጠቆመች። ሲዳብሱም ዝም አለች። ከዚያ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። እነሱ የሚያውቁትን ሌላው ሰው ላያውቀው እንደሚችል፣ ልጆች እየተጫወቱ በገዛ ጊዜያቸው ይደርሱበታል፤ በኋላ ባሳደግኋቸው ልጆች አይቼዋለሁ። እሷን ግን እኔ ገፍቼ አደረስኳት።

ያን ዕለት ማታ እናቷን ስታያት አየሁ። እራት ቀርቦላት፣ እጇን ሳትዘረጋ፣ እናቷን ብቻ ታይ ነበር። አላለቀሰችም። አይዞሽም አላለቻትም። እናቷ የማታውቀው ነገር እንዳለ ገብቷታል።

ደስ አለኝ። ይህንን መደበቅ አልችልም።

እህቴ ለባሏ ደብዳቤ ታስጽፈኝ ነበር። እጽፍላታለሁ፤ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ወጣ ብዬ እቀደዋለሁ። ልጅቱ አብራኝ ትሄዳለች። ሁለተኛውን ደብዳቤ ቀድጄ ስንመለስ እህቴ ፖስታ ቤት ምን እንዳሉን ጠየቀች። እኔ አፌን ሳልከፍት ልጅቱ ቀደመችኝ።

«አባዬ ደህና ነው ብለዋል። ሲመጣ ቀይ ጫማ ያመጣልኛል።»

ማንም አላስጠናትም። እህቴ አቅፋ ሳመቻት። አባታችን ውጭ ጠርተው፣ ይቺ ልጅ ከሁላችንም ትሻላለች አሉኝ። እኔ ግን ያን ቀን እህል አልቀመስኩም።

ከዚያ ወዲያ እህቴ እኛን መጠየቅ ተወች። ፊታችን ሳያስጠረጥራት አልቀረም። ልጅቱን ነበር የምትጠይቀው። አንድ ቀን ጡት እያጠባች፣ እኛ የሌለን መስሏት ልጅቱን አጠገቧ አስቀመጠቻት። ከበሩ ወዲያ ሆኜ ሰማሁ። እነዚህ የሚደብቁኝ ነገር አለ ወይ አለቻት። አባትሽ ደህና ነው ወይ፣ ለእኔ ብቻ ንገሪኝ አለቻት።

«ደህና ነው። መንገዱ ርቆበት ነው እንጂ ይመጣል።»

እህቴ በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር። ጉንጯ ሞላ፤ ወተቷ ተረፈ፤ ሕፃኗም ወፈረች።

ሕፃኗ ክርስትና በተነሣች በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ሰዉ ቤቱን ሞላው። የነፍስ አባቷ ተናገሩ። የዚያን ጠዋት አልጽፈውም። ወተቷ ግን አልደረቀም። ቀንሶ ነበር፤ ሁለት ቀን አጃ እያጠጣናት ተመለሰ።

መርዶው በተነገረ በአራተኛው ቀን ለቅሶኛው ሳሳ። ባልቴቷ ሊያጽናኗት አስበው፣ ልጅቱ እንኳ ከመጀመሪያው ሰምታ እንዴት እንደቻለችው አወሩላት። ምን እንዳደረጉ አልገባቸውም። እህቴ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ተቀምጣ ሕፃኗን ታጠባለች። ልጅቱን ጠራቻት።

«አባትሽ መሞቱን ታውቂ ነበር?»

ልጅቱ የእናቷን ፊት ለረጅም ጊዜ አየች። ቀጥላ የእኔን አየች።

«አላውቅም ነበር» አለች። «ዛሬ ከቄሱ ነው የሰማሁት።»

ቄሱ ያን ቀን አልመጡም ነበር። እናቷን ላለማሳዘን ነው ያለችው፤ ይህን እህቴም አውቃዋለች። ሂጂ ተጫወቺ ብላ አሰናበተቻት።

«እሷን ብቻ እኮ ነበር የማምነው» አለችኝ።

«እትዬ፣ ለወተትሽ ብለን ነው። ለሕፃኗ።»

«ሕፃኗ ትደግልኝ። ይቺኛዋን ግን እንደነበረች መልሺልኝ።»

ልጅቱ ውጭ ከጎረቤት ልጆች ጋር ታወራለች፤ ድምፅዋ ይሰማን ነበር።

«ካልቻልሽ ከቤቴ ውጪልኝ» አለች እህቴ፤ ቀስ ብላ፣ ሕፃኗን እንዳትቀሰቅስ።

ነጠላዬን አነሣሁና በለቅሶኛው መካከል አልፌ ወጣሁ።