የሆቴሌ ባሕርና አረንጓዴ ፀጉሩ

ቁጡ ነኝ። ይህንን ሸዋ ሮቢት ውስጥ የማያውቅ ካለ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ መሆን አለበት። አስተናጋጆቼ ኮቴዬን ሲሰሙ የተወለወለውን ጠረጴዛ መልሰው ይወለውላሉ። ስለዚህ ራሴን ደግ አድርጌ አላቀርብም፤ የማወራው ስለ አንዲት ሴትና ስለ አንድ የመስታወት ገንዳ ነው።

ገንዳውን የገዛሁት አዲስ አበባ ምግብ ቤቱን ዘግቶ አገር ሊለቅ ከነበረ ሰው ነው። የጨው ውሃ ገንዳ ነው። ብርቱካናማ ሆነው ነጭ መቀነት የታጠቁ የሚመስሉ ትንንሽ የባሕር ዓሦች አሉበት፤ ከሥራቸው ደግሞ ኮራል። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው ፍጡር ነው፤ መብራት ሲበራለት እንደ አበባ ይፈካል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በዚህ በቆላ ሙቀት፣ ሽንኩርትና ማሾ የጫነ መኪና ሲያልፍ በሚውልበት መንገድ ዳር፣ ባሕር ማስቀመጥ! ጎረቤቶቼ “ለየላት” አሉ። ይበሉ።

ችግሩ ማን ይጠብቀው የሚለው ነበር። ያቺ ያልኳችሁ ሴት የመጣችው የመኝታ ክፍል ጽዳት ሥራ ለመጠየቅ ነው። ከጀውሃ ወዲያ ካለ መንደር የተወለደች፣ ሠላሳን የተሻገረች፣ ጅዳ ሰው ቤት ስምንት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት። እያወራኋት ዓይኗ ወደ ገንዳው ሄደ። ጠጋ ብላ ጣቷን ነከረችና ቀመሰችው።

“እትዬ፣ ጨው በዝቶበታል” አለችኝ። “በሙቀቱ ውሃው እየተነነ ጨዉ ብቻ እየቀረ ነው።”

ለካ ጅዳ የሠራችበት ቤት ትልቅ የባሕር ገንዳ ነበረው፤ የምትንከባከበውም እሷ ነበረች። የክፍል ጽዳቱ ቀርቶ በገንዳው ተቀጠረች።

ሥራ ማወቅ እንደሷ ነው! የተነነውን ውሃ በጉድጓድ ውሃ መተካት እምቢ አለች፤ የእርሻ ማዳበሪያ ሰርጎበታል ብላ። ይልቅ ጋራዥ ሄዳ የከባድ መኪና ሾፌሮች ለባትሪ የሚገዙትን የተጣራ ውሃ በጀሪካን ታመጣለች።

“ለዓሣ የባትሪ ውሃ! ልትፈጂያቸው ነው እንዴ?” ብዬ ጮህኩባት።

“ምንም ያልገባበት ውሃ እሱ ብቻ ነው፣ እትዬ” አለች፣ ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ። ልክ ነበረች፤ አንድም ዓሣ አልሞተም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ውሃውን በጆግ እየቀዳች ከላይ ታንቆረቁራለች፣ አየር እንዲያገኙ። አንዳንዴ ጄኔሬተሩ እምቢ ሲል ክንዷ እስኪዝል ቆማ ትውል ነበር። እኔ ሰው ቶሎ አላደንቅም፤ እሷን ግን ቆሜ አያት ነበር።

ከፋሲካ በኋላ አረንጓዴው መጣ። መጀመሪያ መስታወቱ ላይ እንደ ጭጋግ ነገር ታየ፤ ቀጥሎ ድንጋዮቹ ላይ ፀጉር አበቀለ። አልጌ ይባላል። ኮራሉ ላይ ወጥቶ ብርሃን ከለከለው፤ ኮራሉም ባንድ ጎኑ ነጥቶ መሞት ጀመረ። እሷ መስታወቱን በአሮጌ የባንክ ካርድ ትፍቃለች፤ ድንጋዩን እያወጣች በጥርስ ብሩሽ ትፈገፍጋለች። መብራቱን ቀነሰች። አልጌ የሚበሉ ቀንድ አውጣዎች ከአዲስ አበባ አስመጣች። ዛሬ ንጹሕ ይሆናል፤ በሦስተኛው ቀን ፀጉሩ እንደገና ይበቅላል።

“ምግብ ተርፎ ውሃው ውስጥ ሲበሰብስ ነው የሚበዛው” አለችኝ። “ስለዚህ በሁለት ቀን አንዴ፣ ቁንጥር ብቻ ነው የምሰጣቸው።”

እንዴ! እኔ ቤት ጦሙን የሚያድር ፍጡር? ምንም አላልኳትም። ግን በየማለዳው ኪዳን አድርሼ ስመለስ፣ እሷ ከመግባቷ በፊት፣ አንድ ቁራሽ ዳቦ ፈርፈር አደርግላቸው ነበር። ቁራሽ ዳቦ ደግሞ ምን አላት? ገና ጥላዬን ሲያዩ እየተሽቀዳደሙ ይመጡልኛል። ቀኑን ሙሉ ስቆጣ የምውለው ሴትዮ እዚያ ጋ እስቃለሁ።

አልጌው ግን ባሰ። እንግዳው “ይሄ ጎመን ነው ወይስ ዓሣ?” ማለት ጀመረ። እኔ ደግሞ መሳቂያ መሆን ደሜን ያፈላዋል። መስታወቱን ለኬክ ማሳያ የሚፈልግ አንድ ነጋዴ ነበርና፣ “እስከ ወሩ መጨረሻ ካልጠፋ እሸጠዋለሁ” አልኳት። ገንዳው ከተሸጠ ለሷ የሚሆን ሌላ ሥራ የለኝም፤ ይህንንም ነገርኳት። “እሺ እትዬ” ብላ ብሩሿን አነሳች። በማግስቱ በጓሮ በኩል በስልክ ስለ ፓስፖርት ማሳደሻ ስትጠይቅ ሰማኋት። ተመልሳ ጅዳ ልትሄድ ነው። እኔ ግን እልኸኛ ነኝና አንዴ ከተናገርኩት አልመለስም አልኩ።

በመሀሉ ማጀቴ ከተማ ያለችው እህቴ ባሏ ሞተባትና ለለቅሶ ሄድኩ። ሠልስቱም ካለፈ በኋላ አልለቀኝ ብላ ሦስት ሳምንት ተቀመጥኩ። ስመለስ ምን ባይ ጥሩ ነው? ገንዳው እንደ ቀድሞው ሆኗል! ድንጋዩ ድንጋይ፣ መስታወቱ መስታወት፤ ኮራሉ በነጣው ጎኑ በኩል አዲስ ጫፍ አውጥቷል። እልል አልኩ፣ እውነቴን ነው፤ ምሳ የሚበላ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። “አንቺ እኮ ጉድ ነሽ!” ብዬ ግንባሯን ሳምኳት። ለነጋዴውም “ተወው፣ አይሸጥም” አልኩት። ዓሦቼም ናፍቀውኛል፤ በማግስቱ ማለዳ ጥሩ አድርጌ ፈረፈርኩላቸው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አረንጓዴው ተመለሰ።

ያን ቀን የተናገርኩትን ሳስበው እስከ ዛሬ ያመኛል። በሰው ፊት ነው የጮህኩት። “እኔ ሳልኖር ሠርተሽ እኔ ስመጣ እጅሽን አጣጥፈሽ ትቀመጫለሽ! ሰው ሲያመሰግኑት እንዲህ ነው የሚሆነው? ቅዳሜ ገዢው ይመጣል፤ ልብስሽን ሰብስቢ!” አልኳት። አስተናጋጆቹ መሬት መሬት አዩ። እሷ “እሺ እትዬ” አለች።

በማግስቱ ዓሦቼን አብልቼ ገበያ ወጣሁና ቦርሳዬን ረስቼ ኖሮ ወዲያው ተመለስኩ። እሷ ገብታለች፤ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ቀጭን ጎማ ገንዳው ውስጥ ከትታ፣ ከድንጋዮቹ ሥር የሆነ ነገር እየሳበች ነጭ ሳህን ላይ ታወጣለች። ጠጋ ስል ኮቴዬን ሰማችና ሳህኑን በነጠላዋ ሸፈነችው።

“ምንድን ነው የምትደብቂው?” አልኩና ገለጥኩት።

ዳቦ ነው። የእኔ ዳቦ። ግማሹ ዛሬ የፈረፈርኩት፤ ግማሹ ከድንጋይ ሥር ተወትፎ የሰነበተ፣ አረንጓዴ ፀጉር ያበቀለ። ማጀቴ የሰነበትኩባቸው ሦስት ሳምንታት ትዝ አሉኝ። እኔ ስሄድ ጠፋ፤ እኔ ስመጣ መጣ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

“ታውቂ ነበር?”

“አዎ እትዬ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከመጀመሪያው። በየጠዋቱ የቻልኩትን እለቅመዋለሁ፤ የቀረው ነው የሚያስቸግረኝ።”

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? እንጀራሽ ሊቋረጥ! ቅዳሜ ላባርርሽ! አንድ ቃል መናገር አቅቶሽ ነው?” መቆጣት ነው የማውቀው፤ ስደነግጥም ቁጣ ነው የሚወጣኝ።

ሳህኑን ቀስ ብላ አስቀመጠችና መሬት መሬት እያየች ተናገረች።

“ጅዳ የነበርኩበት ቤት የዓሣው ምግብ በማንኪያ ይለካ ነበር፣ እትዬ። እኔ ግን በስምንት ዓመት አንድ ቀን በላሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እዚህ ሥራ ልጠይቅ የመጣሁ ቀን፣ እርስዎ ገና ስሜን ሳያውቁ፣ የእናንተን ሥጋ እንደማልበላ ገብቶዎት ሽሮ አሠርተው በእጅዎ አጎረሱኝ። ያንን እጅ ይብቃ ማለት አቃተኝ። ወላሂ አቃተኝ። ብፈገፍገው ይሻላል አልኩ።”

እኔ እንኳ ያን ቀን ማጉረሴን ረስቼዋለሁ። ያልረሳሁት ሌላ ነገር ነው፤ አልጌው ከመጣ ወዲህ፣ ሦስት ወር ሙሉ፣ አንድም ቀን ወደ ማዕዴ አልጠራኋትም። ተናድጄባት ነበራ። ምሳ ዕቃዋን ይዛ ከጓሮው የውሃ ታንከር ሥር ለብቻዋ ስትበላ አይቼ አልፋለሁ። ለዓሣ የራራሁት ሴትዮ! ከጅዳዋ እመቤት በምን ተሻልኩ?

ስልኬን አውጥቼ ለነጋዴው ደወልኩና ቅዳሜ እንዳይለፋ ነገርኩት። ምክንያቱን ሲጠይቀኝ ዘጋሁበት። ከዚያ ወደ እሷ ዞርኩ። ይቅርታ ማለት አልለመድኩም። ሌላ ነገር ጠፍቶኝ፣

“ቁርስ በልተሻል?” አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ።

“ገና ነኝ፣ እትዬ” አለች።