የአማቴ መሐላና የጎታው መኮሮኒ

ትናንት ጠዋት የጎታዬን አፍ ሰብሬ ከፈትኩ... ከዚያ ወዲያ የሆነውን ካልነገርኳችሁ አይወጣልኝም።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። መቀሌ ያመጣኝ ትዳር ነው፤ ባለቤቴ የዚሁ ሰው፣ በበቅሎ የሚነግድ ነው። እናቱ አደይ ለተ ከእኛው ጋር ይኖራሉ፤ በትግርኛቸው «ጓለይ»፣ ልጄ፣ ነው የሚሉኝ። ልጅ ሆኜ ረሃብ አይቻለሁ። ስለዚህ ትርፍ ነገር ካገኘሁ ለክፉ ቀን ሳልደብቅ አላድርም።

ጣሊያን ጓዙን ጠቅልሎ ሲወጣ የመጋዘኑ መኮሮኒ በጆንያ በጆንያ ገበያ ላይ ተዘረገፈ። ሰው ሁሉ አይቶ ሲያልፈው እኔ ሁለት ጆንያ በአህያ አስጭኜ ገባሁ። አደይ ለተ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ጣሊያን መንገድ እሠራለሁ ብሎ የጎመን ጓሯቸውን አፍርሶባቸዋልና ቂማቸው ገና ትኩስ ነበር።

«እዋይ ጓለይ! ቀዳዳ ያለው እህል ደግሞ ምንድን ነው?»

«መኮሮኒ ነው አደይ። ለክፉ ቀን።»

«የጣልያን ነገር በዚህ ቤት? በማርያም እምላለሁ... ከንፈሬን አይነካም!»

እኔ ግን ቆርጫለሁ። እናቴ ባቄላ ስታስቀምጥ እንዳየሁት ፀሐይ አስመታሁት፤ ነቀዝ እንዳይበላው የላመ አመድ አለበስኩት፤ ጎታው ውስጥ ገልብጬ አፉን በእበትና በጭቃ መረግሁት። ከዚያ ሁለት ክረምት ማንንም አላስነካሁም።

ዘንድሮ አንበጣ ማሳውን ላጨው። ባለቤቴ እህል ሊሸምት ወደ ራያ ወረደ፤ ወንዙ ሞልቶ ከወዲያ ማዶ እንዳስቀረው ላከብኝ። ከትናንት ወዲያ የመጨረሻዋን ዱቄት ጠርገን በላን። ሦስት ልጆች፣ አንዲት አማት፣ ባዶ ዕቃ... ክፉው ቀን ይኸው መጣ።

ጎታውን ስከፍተው አንድ ነቀዝ የለም! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። በወንፊት አራግፌ አመዱን አወረድኩና ቀቀልኩት።

ውሃው ጠቆረ። ትንሿ ልጄ አንድ ጎረሰችና ተፋችው።

«እማዬ፣ ልብስ የሚታጠብበትን ውሃ ይመስላል!»

አንዷን ሰብሬ አየሁ። ቀዳዳዋ ጥርቅም ብሎ አመድ ሞልቶበታል... የሁሉም! እናቴ ያስተማረችኝ ስለ ባቄላ ነው፤ ቀዳዳ ስላለው እህል ማን ነግሮኝ!

እፍኝ ያህል ብዘፈዝፍ ለስልሶ ከነአመዱ ተለጣጠፈ። ስንጥር ብከትበት ይበልጥ ጠቀጠቀው። እዚያው ጎታው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ አልዋሽም። ከዚያ እንባዬን ጠርጌ ሰፌድ አወጣሁ።

«አንዲትም አልጥልም!» አልኩ።

አንድ አንዷን እያነሳሁ... እፍ! አመዱ ብን ብሎ ወጣ። እፍ! ልጆቹም ከነምራቃቸው እፍ! ራሴ እስኪዞር ነፋሁ፤ ሰፌዱ ግን ግማሽ እንኳ አልሞላ።

አደይ ለተ መደቡ ላይ ሆነው ሲያዩን ቆዩ። ከዚያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው መጡ።

«አምጪው ጓለይ። እሳት አንድደሽ አታውቂም እንዴ? እንዲህ ነው እፍ የሚባለው?»

ጥርስ የላቸውም። ለካ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ይኸው ኖሯል! ከንፈራቸው መኮሮኒዋን ግጥም አድርጎ ይይዛትና... እፍ! እኔ አንድ ስጨርስ እሳቸው አምስት። ቅንድባቸው ሳይቀር አመድ ለብሶ፣ እስከ ከሰዓት በኋላ ቀና አላሉም።

በድልህ አድርጌ አቀረብኩት። ልጆቹ ትሪውን ከበቡት፣ አደይ ለተ ግን ፊታቸውን አዞሩ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ አንጀቴን በሉት።

«ምያለሁ። ከንፈሬን አይነካም ብያለሁ።»

«አደይ... ታዲያ እስካሁን የነካው ምንዎን ነው?»

በነጠላቸው ጫፍ ከንፈራቸውን ጠረጉና አመዱን አዩት። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ... ደነገጥኩ። ለካ ሳቅ ነው! ወደ ትሪው ተጠግተው ጎረሱ፣ አላመጡ፣ ዋጡ። ምን ይሉ ይሆን ብዬ ዓይን ዓይናቸውን አያለሁ።

«ጓለይ... ግመል ሁሉ ጨው የሚያራግፍበት አገር ተቀምጠሽ በጨው ትሰስቻለሽ?»

ዛሬ ጠዋት የቀሰቀሰኝ የዶሮ ጩኸት አይደለም... ከጎታው ሥር የሚሰማው የአማቴ «እፍ!» ነው።