ከስድስተኛው መሰናክል ጀርባ

የሙዚቃ አዳራሽ ዘበኞች ፎቶ አንሺውን «ሦስት ዘፈን» ይሉታል። ስሙን ለቀልድ ያወጡለት ቢሆንም እውነቱ ከቀልዱ ያመዝናል። በዚያ ሥራ ሕጉ አንድ ነው፦ ፎቶ አንሺ ከመድረኩ ሥር ገብቶ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዘፈኖች ያነሣል፣ ፍላሽ አይጠቀምም፣ ሦስተኛው እንዳለቀ ዕቃውን ሰብስቦ ይወጣል። ሃያ ሁለት ዓመት ሲገባና ሲወጣ ኖሮ አራተኛውን ዘፈን በጆሮው ሰምቶ አያውቅም። ዘፋኙ ሊሞቅ ሲል፣ ሕዝቡ ሊያብድ ሲል፣ እሱ በጓሮ በር ወጥቶ የሌንሱን ክዳን ይገጥማል።

ለዚህ መድኃኒቱ ሚስቱ ነበረች። እሷ እንደ ማንኛውም ተመልካች ገብታ እስከ መጨረሻው ትቀመጣለች፤ እሱ መኪና ውስጥ ሆኖ ይጠብቃታል። ስትመጣ ገና ቀበቶዋን ሳታስር «አራተኛው እንዲህ ነበር» ብላ ታንጎራጉርለታለች። ድምፅ ግን አልታደለችም። ከፍ የሚለውን ዝቅ፣ ዝቅ የሚለውን ከፍ እያደረገች፣ ግጥሙ የጠፋባት ላይ «ላ ላ ላ» እየሞላችበት ቤት እስኪደርሱ ትዘፍናለች። «ሰውየው እንዲህ ከዘፈነ ሕዝቡ እንዴት ጥሎት አልወጣም?» እያለ ያሾፍባታል። እሷም ክንዱን ቆንጥጣ ትቀጥላለች። የስንቱን ታላቅ ዝግጅት መጨረሻ እሱ የሚያውቀው በእሷ በተጣመመ ዜማ ነው።

ከሞተች አምስት ወር ሆኗታል። አሁን ሦስተኛው ዘፈን ሲያልቅ ይወጣል፣ መኪናውን ያስነሣል፣ ይሄዳል። ወዳጆቹ «ሥራ ያስረሳል፤ ከሰው መሀል መዋል ደግ ነው» ይሉታል። ከሰው መሀልማ ይውላል። አምስት ሺህ ሰው መሀል ቆሞ ብቻውን የሚሆን ሰው ካለ እሱ ነው፤ ነገሩን ማሳመር አያስፈልግም።

አንድ ሰኞ ቀን የሚስቱ ታላቅ እህት መጣች። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ እስከ ዛሬ ሰው ሁሉ የቤት ሥራውን ያልሠራ ተማሪ ይመስላታል።

«ሐውልቱ ደርሷል» አለችው ገና ሳትቀመጥ። «የቀረው ፎቶዋ ብቻ ነው። ሠሪው እስከ ሌላው ሐሙስ ካልመጣልኝ እንዲያው ባዶውን አቆመዋለሁ ብሏል።»

«ምን አስቸኮለው፣ እትዬ?»

«ሌላው ወረፋ ይዟላ! ሞት እንደሆነ እረፍት አይወጣ። ይልቅ ፎቶ አምጣ።»

ያለውን አመጣ፤ ያለው ሁለት ነው። አንደኛው የሠርጋቸው ፎቶ፣ ሁለተኛው የመታወቂያዋ። እህትየዋ መነጽሯን አድርጋ የሠርጉን ወደ ብርሃን ያዘችው።

«ይቺ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት» አለች። «እኔ የቀበርኩት ሃምሳ አንድ ዓመት የኖረች እህቴን ነው።» መታወቂያውን ደግሞ ገና ከሩቁ መለሰችለት። «እዚህ ላይ ያለችው እስር ቤት ልትገባ የተሰለፈች ናት። ሌላስ?»

የራሱ ስልክ ውስጥ ምንም የለም፤ «ስልክ ለመደወያ ነው» እያለ ሲኩራራ የኖረ ሰው ነው። የእሷ ስልክ ውስጥ ያለው የእህቷ የልጅ ልጆች፣ የሰፈር ድመት፣ ውሃ የሚያፈስሰው የመታጠቢያ ቤት ጣሪያ ነው።

«እርስዎ ጋ አይጠፋም ብዬ ነበር» አላት።

«እኔ ጋ ያሉት ሁሉ ከጀርባዋ ናቸው። ካሜራ በወጣ ቁጥር ሳህን ላንሣ ብላ ትነሣ አልነበር? አንተ ግን ሥራህ ነው! በየቅዳሜው የሰው ፈረስ ሲዘል ስታነሣ ኖረህ ለእህቴ አንድ ፎቶ ይጥፋ?»

«ላንሣሽ ስላት ቆይ ጸጉሬን ልሠራ ትለኝ ነበር። እኔም እሺ ሌላ ጊዜ እላት ነበር።»

«ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች አሉ» አለች። ከዚያ ፊቱን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ፈልግ እስቲ። አንድ አይጠፋም።»

ሲሸኛት መፈለጊያው ትዝ አለው። የፈረሶቹ ፎቶ!

ቅዳሜ ቅዳሜ የፈረስ ዝላይ ውድድር አለ፤ እንጀራቸው በአብዛኛው የሚገኘው ከዚያ ነው። እሱ ከስድስተኛው መሰናክል ፊት ለፊት ሣሩ ላይ በሆዱ ይተኛል፤ ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ የሚያምረው እዚያ ነው። ፈረሱ ወደ መሰናክሉ ሲመጣ እርምጃውን ይቆጥራል። ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። የፊት ጉልበቶቹ ደረቱ ሥር ሲታጠፉ፣ ጆሮዎቹ ወደ ፊት ሲቀሰሩ፣ ያኔ የካሜራውን ቁልፍ ይጫናል። ጆሮውን ወደ ኋላ የጣለ ፈረስ የተቀየመ ይመስላል፤ ጋላቢው ያንን ግድግዳው ላይ አይሰቅለውም። ሚስቱ ከመሰናክሉ ጀርባ ባለው የተመልካች መቀመጫ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ የሚያልፉትን ፈረሶች ቁጥር ትጽፍ ነበር፤ ኋላ ፎቶዎቹን ለየጋላቢው የምትለየው እሷ ነበረች። እሱ ወደ ሣሩ ሲወርድ ሁልጊዜ «ቦታ ይዤልሃለሁ» ትለው ነበር። እሱም «ከመጨረሻው ዙር በኋላ» ይላት ነበር። ከመጨረሻው ዙር በኋላ ደግሞ ሽልማት አለ፤ ሽልማትን ትቶ የሚቀመጥ ፎቶ አንሺ የለም። እያደር «ደህና ዋል፣ ደህና ዋይ» እንደ መባባል ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ቅዳሜዎች ኮምፒውተሩ ውስጥ አሉ፤ ከእያንዳንዱ ፈረስ በስተኋላ ሚስቱ አለች። ከፈታቸው። ቡናማ ፈረስ፣ ከጀርባው ቢጫ ነጥብ። ጥቁር ፈረስ፣ ከጀርባው ቢጫ ነጥብ። ነጥቡ ሹራቧ ነው። ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ስለሚያነሣ የፈረሱ ሽፋሽፍት ሳይቀር ይቆጠራል፤ ከኋላ ያለው ሁሉ ግን ጉም ነው። ይህ ኩራቱ ነበር። «ከፈረሱ በስተኋላ ያለው ዓለም መጥፋት አለበት» እያለ ለጀማሪዎች ያስተምር ነበር። ይኸው ጠፋለት። ፊቷን ባቀረበው ቁጥር ጉሙ ይሰፋል እንጂ ፊት አይሆንም።

አራት ቀን እንዲህ ዋለ። ብርድ ሲሆን ቢጫው ግራጫ ካፖርት ይሆናል፣ ሙቀት ሲመጣ ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። ጋላቢዎቹ አደጉ፣ ፈረሶቹ አረጁ፣ ነጥቡ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ አንድ ነገር ገባውና እጁ ከኮምፒውተሩ ላይ ወረደ። እሷ ጥርት ብላ ልትታይ የምትችለው እሱ ሲሳሳት ብቻ ነው። ካሜራው ፈረሱን ስቶ ከኋላ ያለውን ሲይዝ፣ ፈረሱ ደብዝዞ ተመልካቹ ሲጠራ። ይሄ ከስንት አንዴ የሚደርስ ስሕተት ነው፤ ደርሶበትም ያውቃል። እነዚያ ፎቶዎች ግን የት አሉ? ገና ከመጀመሪያው «ፈረሱ የደበዘዘውን ሁሉ ጣይው፤ የተበላሸ ፎቶ ስም ያጠፋል» ብሎ ያዘዛት በገዛ አፉ ነው። እሺ አለችው። የጣለቻቸውም እሷ ናት። ለእህትየዋ ደውሎ «የለም» ሊላት ስልኩን አነሣና መልሶ አስቀመጠው።

ቅዳሜ ጠዋት ማንኪያ ፍለጋ የወጥ ቤቱን መሳቢያ ሳበ። የተሳሳተ መሳቢያ ነበር። ጠርሙስ የሌላቸው የጠርሙስ ክዳኖች፣ እስክሪብቶ የሌላቸው የእስክሪብቶ ቆቦች፣ ተጠቅልለው የተቀመጡ ገመዶች፣ የጠፋ በር ቁልፍ። ሴትዮዋ ምንም አትጥልም ነበር፤ ሃያ ሰባት ዓመት የተጣሉት በዚህ ነው። አንዱን ክዳን እጁ ላይ እያገላበጠ ቆመ። የጠርሙስ ክዳን መጣል የማይሆንላት ሰው ፎቶ እንዴት ትጥላለች?

የእሷ አሮጌ ኮምፒውተር መኝታ ቤቱ ጥግ፣ የመስኮቱ ሥር ነው። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ጨርቅ አልብሶታል። ጨርቁን ገፈፈ። ማሽኑ እያጉረመረመ እስኪነሣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ብዙም አላስፈለገውም፤ ከጋላቢዎቹ ስም ሁሉ በታች «የሚጣሉ» የሚል ፎልደር ነበር።

አርባ ሦስት ፎቶ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከተበላሸው ሁሉ ያስቀረችው አርባ ሦስት ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ከፈተ። ፈረሱ እንደ ፈሰሰ ሻይ ቡናማ ሆኖ ፊት ለፊት ደብዝዞ ተዘርግቷል፤ ከኋላው ሚስቱ አለች። የሹራቧ ክር ይታያል፣ ጥርሷ መሀል የያዘችው እርሳስ ይታያል፣ ግንባሯ ላይ ያለችው ትንሽ ጠባሳ ሳትቀር ትታያለች። በዙሪያዋ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ከፈረሱ ጋር አዙሯል። እሷ ብቻ አላዞረችም። ፊት ለፊት፣ ሣሩ ላይ ወደተጋደመው ሰው ታያለች።

አለቀሰ። የቀብሩ ዕለት እንኳ እንዲያ አላለቀሰም፤ ያን ቀን የሚያጽናናው ሰው በዝቶ አፍሮ ነበር።

ከዚያ ቀጠለ። አንድ በአንድ ሲያልፋቸው ሚስቱ ዓይኑ እያየ ትሸመግላለች፤ ከግራ ጆሮዋ በላይ ሽበት ወጣ፣ መነጽር መጣ፣ እርሳሱ እርሳስ እንደሆነ ቀረ። ሠላሳኛው አካባቢ ሲደርስ የለመደ ዓይኑ ተመለሰለት፤ ፊቷን ትቶ ዙሪያዋን ማየት ጀመረ። መቀመጫው ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ሰው ደረጃው ላይ ቆሟል። ከእሷ በስተቀኝ ባለው ወንበር ላይ ግን ሰው የለም። ቡናማ የቆዳ ቦርሳዋ ተቀምጧል። ወደ ኋላ ሄደ። እዚያም ቦርሳው አለ። መጀመሪያው ላይ አለ፤ መጨረሻው ላይ አለ። አንዱ ላይ ዝናብ ነው፤ ጃንጥላዋን ከራሷ ላይ አዘንብላ ወንበሩን ታለብሰዋለች።

«ቦታ ይዤልሃለሁ።» እንደ ሰላምታ የቆጠረው ነገር ለካ እውነት ነበር።

ሰኞ ከአርባ ሦስቱ የመጨረሻውን ፎቶ ለሐውልት ሠሪው ወሰደለት፤ እህትየዋም አብራ ሄደች። ሠሪው ቅንድቡ ድረስ የድንጋይ ዱቄት ለብሷል። ፎቶውን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ፈረሱ ተበላሽቷል፣ ጋሼ።»

«አዎ።»

«ግድ የለም፣ እኔ የምወስደው ፊታቸውን ነው። ወንበሩም ቦርሳውም ይቆረጣል።»

«ይቆረጥ» አለ። እህትየዋ ፎቶውን ከሠሪው እጅ ተቀበለች። ምንም ትችት አላገኘችበትም።

«ይቺ ናት» አለች። «ይቺ እህቴ ናት። እግዜር ይስጥህ።»

በቀጣዩ ቅዳሜ እንደ ወትሮው ሣሩ ላይ ተኝቶ ሠራ። ሊጨርሱ አንድ ዙር ሲቀር ተነሣና ጉልበቱን አራግፎ ወደ ውድድሩ ኃላፊ ሄደ። ኃላፊው ስፖርት አፍቃሪና ጯኺ ሰው ነው፤ እሱም የሚጠራው በአዳራሹ ቅጽል ስም ነው።

«ሦስት ዘፈን! ወዴት ነው? ገና የመጨረሻው ዙር አለ እኮ!»

«የመጨረሻውን ዙር አላነሣም። ሽልማቱንም።»

«አመመህ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ። ልቀመጥ ብዬ ነው።»

እሱ ወደ መቀመጫው ወጣ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሁለት ወንበር አገኘ፤ በቀኝ ባለው ተቀመጠና የካሜራ ቦርሳውን በግራው፣ እሷ ትቀመጥበት በነበረው ላይ አኖረ። ፊት ለፊት የተኛበት ሣር እንደተጨፈለቀ ይታያል። ለካ ከዚህ ሲታይ እዚያ የሚኖረው ባርኔጣና ጥቁር ሌንስ ነው፤ ፊት የለውም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እሷም የእሱን ፊት አላየችም ማለት ነው።

የፕሮግራም ወረቀት የያዘች ሴት ደረጃውን ወጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ይቅርታ፣ እዚህ ሰው አለ?»

«አለ» አላት እጁን ቦርሳው ላይ አድርጎ። ሴትዮዋ ደረጃው ላይ ቆማ ቀረች።

የመጨረሻው ዙር ተጀመረ። ግራጫው ፈረስ ወደ ስድስተኛው ሲመጣ ጣቱ ጉልበቱ ላይ ራሱን ችሎ ቆጠረ፦ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ፈረሱ ዘለለ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አይቶት አያውቅም፤ ሁልጊዜ በዚያች ቅጽበት ዓይኑ ወደ ካሜራው ይመለሳል። ፈረሱ ሲያርፍ ጋላቢዋ ጎንበስ ብላ አንገቱን መታ መታ አደረገችው፣ ጆሮው ሥርም አንድ ነገር አለችው። ሌሎቹም እንዲሁ ያደርጋሉ። ሽልማቱ ተሰጠ፣ ተጨበጨበ፣ እሱም አጨበጨበ። እስከ መጨረሻው ተቀመጠ።

ሰው መበተን ሲጀምር ደረጃው ላይ የቆመችው ሴት እግሯን እያሻሸች ባዶውን ወንበር አየችና አላስችል አላት።

«ቦታ የያዙላቸው ሰው ሳይመጡ ቀሩ፤ አይደል?»

«የለም፣ እህቴ» አላት። «እሷስ አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም። የቀረሁት እኔ ነኝ።»